«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት

በሰላ ድንጋይ ለወተት ማሰባሰቢያ ማዕከላት ሠራተኞችና ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር አባላት የቀረበ ንግግር



ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው አድርገዋት የነበረች ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ በብርዷም ትታወቃለች። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ ጠዋት ከቤት የሚወጣ ሰው ጋቢውን ደርቦ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የወተት ማቀዝቀዣ ስለ መግዛት፣ ከዚያም ስለ መጠገን ሲነገር «በዚህ ብርድ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ ምን ሊያደርግ?» የሚል አባል ቢነሣ አያስደንቅም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የዛሬው ንግግርም ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል፤ ምክንያቱም የደጋው ብርድ ማቀዝቀዣውን የሚያግዝ መስሎ ማቀዝቀዣውን የሚያሳምም፣ ባለሙያውንም የሚያሳስት ጊዜ አለ።

ወተት ከላሟ ጡት ሲወጣ ሙቀቱ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ሙቀት ወተቱን የሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን እጅግ የሚወዱት ነው። ተሕዋስያኑ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናሉ ቢባል እንኳ በአራት ሰዓት ውስጥ አንዱ 256 ይሆናል። ወተቱ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ ግን መራባታቸው እጅግ ይዘገያል። የውጭ አየር ቢቀዘቅዝም ሙቀትን እንደ ውኃ ፈጥኖ አይወስድም። በሌሊት ብርድ ደጅ የተቀመጠ ባለ 40 ሊትር ቢዶን ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ ለብ እንዳለ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ተሕዋስያኑም ሥራቸውን በመሐል ይሠራሉ።

የሥራውን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። 1,000 ሊትር ወተት ከ35 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ ከወተቱ የሚወጣው ሙቀት ወደ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህን ሙቀት በበረዶ ብቻ እናስወግድ የሚል ቢኖር ወደ 370 ኪሎ ግራም በረዶ ማቅለጥ ይኖርበታል። በአንጻሩ ገበሬው ቢዶኑን እንዳለበ ወዲያው በቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ ውስጥ አቁሞ እያማሰለ ወተቱን በ18 ዲግሪ ቢያስረክብ፣ ለማቀዝቀዣው የሚቀረው ሥራ ከግማሽ በታች ነው። ደጋው ለወተት የሰጠው ትልቁ ስጦታ ከአየሩ ይልቅ ውኃው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንለፍ ከመባሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀት ተሸክሞ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል። ተሸካሚው በመዳብ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው። ጋዙ ከታንኩ ግድግዳ ሥር የወተቱን ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከኋላ ያለው በክንፍ የተሞላ ኮንደንሰር በፋን እየታገዘ ሙቀቱን ለውጭ አየር ይሰጣል፤ ፈሳሽ የሆነው ጋዝም በጠባቧ በኤክስፓንሽን ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ ታንኩ ይገባል። ይህ ዙር ቀንና ሌሊት ይቀጥላል። ጋዙ እንደ ናፍጣ አይነድም፣ እንደ መብራት ጋዝ አይጨስም፣ በሥራ ብዛትም አያልቅም። ጤነኛ የሆነ የቤት ፍሪጅ ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ጋዝ ሃያ ዓመት የሚሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ጋዙ አልቋል» የሚባል በሽታ የለም። ጋዙ ከጎደለ ቱቦው ተበስቷል ማለት ነው፤ ቱቦው ካልተበሳ ደግሞ ጋዙ አልጎደለም።

ይህ በወሬ ደረጃ ሁሉም የሚቀበለው ነገር ቢሆንም፣ በተግባር ግን ማቀዝቀዣ አልቀዘቅዝ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ሲሊንደር ነው። በደጋ ደግሞ ይህ ስሕተት የራሱ የሆነ መንገድ አለው።

ለምሳሌ ያህል በጥር ወር በሰላ ድንጋይ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ማዕከል ያለ ማቀዝቀዣ ይታሰብ። የማታው ወተት ገብቷል። ኮምፕሬሰሩ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ፋኑም ይዞራል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ሲያይ ወተቱ 9 ዲግሪ ላይ ቆሟል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ያው 9 ነው። በማግስቱ ማለዳ የተጠራው ባለሙያ ውርጩ ሳይነሣ ደርሶ ጌጅ ሲያስር ሁለቱም ግፊቶች ዝቅ ብለዋል፤ በመመልከቻው መስታወት ውስጥም አረፋ ይታያል። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ምልክት የጋዝ ጉድለት ይለዋል። ባለሙያው ጋዝ ይጨምራል፤ አረፋው ይጠፋል፤ ወተቱም መቀዝቀዝ ይጀምራል። ሁሉም ደስ ብሎት ሒሳብ ተከፍሎ ይለያያል። ከሁለት ቀን በኋላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ኮንደንሰሩ ላይ ሲያርፍ ማሽኑ በከፍተኛ ግፊት መከላከያ ይቆማል። ሠራተኛው ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ያስነሣዋል። ደግሞ ይቆማል፤ ደግሞ ያስነሣዋል። እንዲህ እየተባለ አንድ ሳምንት ሳይሞላ የኮምፕሬሰሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። በዚህ ሁሉ መካከል ከቱቦው አንዲት ግራም ጋዝ አልወጣችም።

ነገሩ ምንድን ነው ቢባል፣ ኮንደንሰሩ ለቀን ሙቀት ተለክቶ የተሠራ ነው። ሌሊት አየሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከሚገባው በላይ ይበረታል፤ ጋዙን አለልክ ያቀዘቅዘዋል፤ የላይኛው ግፊትም ይወርዳል። ኤክስፓንሽን ቫልቯ ደግሞ ፈሳሹን በበቂ መጠን የምታሳልፈው ከኋላዋ የሚገፋ ግፊት ሲኖር ነው። የመስኖ ውኃ ያጠጣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ኩሬ ሲጎድል በጠባቡ ቦይ የሚደርሰው ውኃ ይቀጥናል፣ የእርሻው ዳር ይደርቃል። ውኃው ግን ከአገር አልጠፋም። በማሽኑም ጋዙ በኮንደንሰሩ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ታንኩ ይራባል። በዚህ ላይ ተጨማሪ ጋዝ ሲሞላ ለሌሊቱ ይበቃል፤ ለቀኑ ግን ትርፍ ይሆናል።

ይህን ከእውነተኛ የጋዝ ጉድለት ለመለየት የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ካርቶን ነው። በብርድ ሰዓት ጌጁ እንደታሰረ የኮንደንሰሩ ፊት በካርቶን በግማሽ ይሸፈን፤ ግፊቱም በጥንቃቄ እየታየ ይጠበቅ። የላይኛው ግፊት ከፍ ሲል አረፋው ከጠፋና የታችኛው ግፊት ከተስተካከለ ጋዙ በቂ ነው፤ የጎደለው የፋን መቆጣጠሪያ ነው። በግፊት የሚሠራ የፋን ማብሪያ ሲገጠምለት ፋኑ ግፊቱ ሲወርድ ያርፋል፣ ሲወጣ ይነሣል። ዋጋው ከአንድ ኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ካርቶን ሸፍነንም የላይኛው ግፊት ተነሥቶ አረፋው ካልጠፋ ያን ጊዜ ጉድለቱ እውነት ነው፤ ቀዳዳውም ይፈለግ። ካርቶኑ ለምርመራ እንጂ ለመፍትሔ እንዳልሆነ ይሰመርበት፤ እንደተለጠፈ ከተረሳ እኩለ ቀን ላይ ራሱ ኮምፕሬሰር ያቃጥላል።

ቀዳዳ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጋዙ በሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ የዘይት ወዝ ይታያል፤ አቧራም ይለጠፍበታል። በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ተቀብቶ ሲያብጥ ማየት የቆየና የታመነ ዘዴ ነው። ሲስተሙ ባዶ ከሆነ ለመፈተሻ የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በብየዳ ቤት ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር ቅርብ ነው ተብሎ በኦክስጅን የሚፈትሽ ሰው ፈንጂ እያጠመደ ነው፤ ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉና። እንዲሁም ላልተሠራለት ማሽን የምግብ ማብሰያ ጋዝ መሙላት ሕይወትን ማስያዝ ነው። ቀዳዳው ከተበየደ በኋላ ፊልተር ድራየሩ ይቀየራል፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበት ይወጣል፣ ከዚያም ጋዙ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ክብደት መሠረት በሚዛን ይሞላል። በእጅ እየዳሰሱ «በቃው» ማለት ለደጋ አይሠራም፤ ከላይ እንደታየው የሌሊቱ በቃው የቀኑ ትርፍ ነው።

ቫኪዩም ከተነሣ ዘንድ ከፍታው የሚያመጣው አንድ ግራ መጋባትም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሰባ ከመቶ ዝቅ ያለ ነው። ስለሆነም መርፌ ያለው ጌጅ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ እንኳ ከ0.7 ባር እምብዛም ወደ ታች አይወርድም። በመጽሐፍ ላይ ያለውን አንድ ባር የሚጠብቅ ባለሙያ ፓምፑን ሊወቅስ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። በዚሁ ምክንያት የጋዝ ግፊትና ሙቀት ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ለባሕር ወለል የተዘጋጀ ከሆነ በደጋ የ0.3 ባር ያህል ልዩነት ያሳያል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ኮምፕሬሰር ሲነሣ ደግሞ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። አዲስ አበባ ላይ «ይበቃል» ተብሎ የተገዛ ጄኔሬተር እዚህ መጥቶ ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ሲያቅተው ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ይመስላል።

የጋዙ ዓይነትም ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሆኗል። በቀደሙት ማቀዝቀዣዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው አር 22 የተባለው ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። ታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ፍጆታቸውን ከመነሻው በሁለት ሦስተኛ ገደማ መቀነስ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከሚተው ጥቂት መጠን በስተቀር ማቆም አለባቸው። ስለዚህ አር 22 ያለበት ማሽን በየዓመቱ «ይሞላለት» እየተባለ የሚቆይበት ዘመን እያለቀ ነው። ቀዳዳውን መድፈን ከሁሉም የረከሰው መንገድ ነው።

ወደ ሌሎቹ ምክንያቶች ስንመጣ፣ ከማቀዝቀዣ ቴክኒክ ውጭ የሆኑት ይበዛሉ። የመጀመሪያው ገለባ ነው። ይህ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር አውድማው ሁሉ ይበራያል፣ ነፋሱም ብናኙን ይዞ ይዞራል። ኮንደንሰሩ የሚስበው ይህንኑ አየር ነው። በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው እብቅ አየር ሲከለክል ቀን ቀን ግፊቱ ይወጣል፣ ኤሌክትሪኩ ይበላል፣ ወተቱም ይዘገያል። በመከር ወራት በየሳምንቱ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ በክንፎቹ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች መጥረግ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ዋናው ማብሪያ ተዘግቶ ይሁን። ድርቆሽ ከኮንደንሰሩ አጠገብ የሚከምር ማኅበርም ቢኖር ድርቆሹን ያንሣ፤ አይጥ ድርቆሹን ተከትላ ትመጣለች፤ ከመጣች በኋላም ሙቀት ያለበትን የሽቦ ሳጥን ትመርጣለች።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሦስቱም መስመሮች እኩል ሲመጡለት ይወዳል። በቴስተር ሲለካ በፌዝና ፌዝ መካከል 380፣ 378 እና 350 ቮልት ቢገኝ፣ አማካዩ 369 ሲሆን ዝቅተኛው ከአማካዩ በ5 ከመቶ ይርቃል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ልዩነት የጥቅሉን የሙቀት ጭማሪ በግማሽ ያህል ያሳድገዋል። አንዱ ፌዝ ጨርሶ ሲጠፋማ ሞተሩ እያጓራ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ይህን ያድናል። በተገዛበት ጊዜ ሪሌው ያልተገጠመለት ማቀዝቀዣ ዛሬውኑ ይገጠምለት፤ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ኮምፕሬሰር እስኪቃጠል ድረስ ብቻ የሚያስኬድ ነው።

ሦስተኛው ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ብዙው ወተት በየቤቱ ይናጣል፤ ወደ ማዕከሉ የሚመጣው ጥቂት ይሆናል። ማማሰያው ያልደረሰበት ጥቂት ወተት በትልቅ ታንክ ሥር ሲተኛና ማሽኑ ሲነሣ፣ ወተቱ ከወለሉ ጋር ወደ በረዶነት ይለወጣል። የቴርሞስታቱ ስሜት ወተቱን በትክክል ስለማይነካ ማሽኑ መቆም አያውቅም። በረዶ የሆነው ወተት ሲቀልጥ ቅባቱ ይለያል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ተረካቢውም «ውኃ ገብቶበታል» ብሎ ይመልሰዋል። አቅራቢው አባል በማያውቀው ነገር ይወቀሳል፤ በማኅበሩና በአባሉ መካከል ያለው እምነትም በዚህ ይሻክራል። ማቀዝቀዣው መነሣት ያለበት ወተቱ የማማሰያውን ቅጠል ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በታች ለሆነ መጠን ቢዶኑን በቀዝቃዛ ውኃ ገንዳ ውስጥ ማቆም ይሻላል። ትልቅ ታንክ ለትንሽ ወተት መግዛት ደግሞ ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር፤ አንዳንዱ ማኅበር የሚገዛው ለዛሬው ወተቱ ሳይሆን ለተስፋው ነው።

ቴርሞሜትሩም ይጠርጠር። የታንኩ ማሳያ 4 ካለ ወተቱ 4 ነው ማለት አይደለም። በደቀቀ በረዶና በንጹሕ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ይህ በየትኛውም ከፍታ ይሠራል። በሚፈላ ውኃ የሚፈትሽ ግን 100 አይጠብቅ። በእነዚህ ደጋዎች ውኃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። መርፌውን አስገድዶ ወደ 100 ያዞረ ሰው ለማሞቂያውም ለማቀዝቀዣውም የአሥር ዲግሪ ውሸት አስተምሮታል።

ማሞቂያ ከተነሣ፣ ታንኩ የሚታጠብበት የውኃ ማሞቂያ ከማቀዝቀዣው ባላነሰ ትኩረት ይሻል። ታንኩ ባዶ እንደሆነ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ይለቀለቃል፤ መጀመሪያውኑ የፈላ ውኃ ከተደፋበት ወተቱ በብረቱ ላይ ይጋገራል። የሳሙናው እጥበት ነው በትኩስ ውኃ የሚሆነው። ማሞቂያው ሲዘገይ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በሽቦው ላይ የተጋገረ ደለል ነው፤ ጨርሶ ሲቃጠል ደግሞ ውኃ ሳይሞላ ስለበራ ነው። ማሞቂያው ብሬከር የሚጥል ከሆነ ግን ብሬከሩን አስሮ መያዝ ወይም በትልቅ መቀየር ፈጽሞ አይገባም። ወለሉ እርጥብ፣ ታንኩ ብረት፣ ሠራተኛዋ በባዶ እጇ የምታጥብበት ቤት ነው። የመሬት መስመሩ መኖሩና መያዙ በባለሙያ ይለካ። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ ይሁን ቢባል ይህ ይቅደም፤ ወተት ይተካል።

እዚህ ላይ ስለ ባለሙያው መነገር ያለበት ሐቅ አለ። ጋዝ መሙላትን ልማድ ያደረገው ባለሙያው ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ስልክ ሲደውል «ጋዝ ይዘህ ና» ይላል፤ በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን አዝዞ ነው የሚጠራው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ መጥቶ ሁለት ሰዓት መርምሮ ኮንደንሰሩን በብሩሽ የጠረገ ሰው ሒሳብ ሲጠይቅ «ለዚች ነው ገንዘብ የምትጠይቀው?» ይባላል። ጋዝ የሞላው ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ አከፋፈል ሐቀኛው ባለሙያ ይጎዳል፣ ሲሊንደር የተሸከመው ይጠቀማል። ስለዚህ ማኅበራት ለምርመራ የሚከፈል ዋጋ አስቀድመው ይወስኑ፤ ከዚያም ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ያገኘውን ምክንያት፣ የለካውን ግፊትና ቮልት፣ የሞላውንም ጋዝ በኪሎ ግራም በመዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ የተሞላለት ማሽን በመዝገቡ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ያው መዝገብ ለዕለት ሥራም ያገለግላል። በየዕለቱ የገባው ሊትር፣ ማሽኑ የተነሣበትና ወተቱ 4 ዲግሪ የደረሰበት ሰዓት፣ የውጭው አየር ሁኔታ ይጻፍ። 800 ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል ያቀዘቅዝ የነበረ ማሽን ያንኑ መጠን በሦስት ሰዓት፣ ቀጥሎም በአራት ሰዓት ማቀዝቀዝ ከጀመረ፣ ወተቱ ሳይበላሽ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ታሟል ይላል። ለጥገናም ከእያንዳንዱ ሊትር ጥቂት ሳንቲም ተይዞ በተለየ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ ኮምፕሬሰር የተቃጠለ ዕለት ጠቅላላ ጉባኤ እስኪጠራ ወተት አይደፋም። አንዲት የተዳቀለች ላም ላላት እናት የአንድ ሳምንት ወተት ለመኖው ዕዳ መክፈያ ነው፤ ጉባኤ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

በመጨረሻ የሚቀርበው መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ የሚደረገው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ኮምፕሬሰር የሚሞተው መብራት በጠፋበት ቀን ሳይሆን በመጣበት ደቂቃ ነው። በብርድ ጊዜ ማሽኑ ሲቆም ጋዙ ቀዝቃዛውን ቦታ እየፈለገ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሆድ ይሄዳል፣ ከዘይቱም ጋር ይዋሐዳል። ይህን ለመከላከል በብዙ ኮምፕሬሰሮች ግርጌ ትንሽ የዘይት ማሞቂያ አለች። የአገልግሎት ሒሳብ ለመቆጠብ ተብሎ ማታ ማታ ዋናው ማብሪያ የሚዘጋበት ማዕከል ይህችን ማሞቂያ እያጠፋት እንደሆነ ይወቅ፤ የምትበላው ኃይል ከአንድ የቀድሞ አምፖል ብዙም አይበልጥም። መብራት እንደ መጣ ኮምፕሬሰሩ ወዲያው ቢነሣ ዘይቱ እንደ ጠላ ይደፈርሳል፣ ያረፋል፤ ፈሳሽ ጋዝም ፒስተኑን ይመታል።

ስለዚህ መብራት ሲመለስ የማቀዝቀዣው ማስነሻ ተዘግቶ ይቆይ። ቮልቱ በሦስቱም ፌዝ ይለካ። ከዚያ ዋናው ማብሪያ ብቻ ተከፍቶ የዘይት ማሞቂያዋ ኃይል ታግኝ፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካላለ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ውርጭ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን። በዚያ ጊዜ የሚመጣው ወተት በቢዶኑ በውኃ ገንዳ ይቁም፤ ካልሆነም ወደ ቅቤና አይብ ይለወጥ፤ ይህንን ማን እንደሚያደርገው ቀድሞ ይወሰን። ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛው የኮምፕሬሰሩን ግርጌ በእጁ ይዳስስ። ቀዝቃዛ ከሆነ ማሞቂያዋ ተቃጥላለች፣ ባለሙያ ይጠራ። ሞቅ ካለ ማሽኑ ይነሣ፤ ሠራተኛውም አምስት ደቂቃ ቆሞ ድምፁን ያዳምጥ። የመዶሻ ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ያጥፋው። ካልተሰማ ጥቂት ውኃ ታንኩ ውስጥ ማማሰያው እስኪነካ ተሞልቶ ይቀዝቅዝ፤ ከቀዘቀዘ ውኃው ይደፋና የጠዋቱ ወተት ይገባል።